ከፒያሳ ተነሥቶ ቶኪዮ ለሚገባ እንግዳ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጃፓን ለሚጓዙ ወገኖቻችን የተዘጋጀ ነው። ለሥልጠና የተመረጠ፣ ለስብሰባ የተጠራ፣ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ወይም ዝም ብሎ አገር ሊያይ የቆረጠ ሁሉ ጆሮውን ይስጠን። ምክሩንም ለአራዳ ሰው በሚገባው መንገድ እናቀርበዋለን። ምክንያቱም ጊዮርጊስን ጫማ አውልቆ የገባ፣ ለታክሲ በሰልፍ የቆመ፣ በታላቅ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ የነሣ ሰው ጃፓን ሲደርስ ከሚያስበው በላይ ብዙ ነገር ያውቃል። በእኔ ግምት ሐበሻውን እዚያ ይበልጥ የሚያሳስተው ከአገሩ ጋር የሚመሳሰለው ነገር ነው። ፍጹም እንግዳ የሆነብንን ጠይቀን እንረዳለን፤ የሚመሳሰለውን ግን ሳንጠይቅ እንደለመድነው እናደርገዋለን።

መንገዱን አስቀድመው የጠረጉልን ሰው አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ተጉዘው ጃፓን ገቡ። አብረዋቸው አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያም፣ ልጅ አርአያ አበበና አቶ ዳባ ብሩ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ትምህርት ቤቱንም ፋብሪካውንም ዞረው አዩ፤ ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ተመለሱ። በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸው በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ታተመ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1934 በጃፓንኛ ተተርጉሞ ለጃፓኖቹ ለራሳቸውም ደርሷል። ስለዚህ ስለ ጃፓን በአማርኛ የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ ካገኘን ከ90 ዓመት በላይ ሆኖናል።

ኅሩይ የሄዱት ለሽርሽር አልነበረም። የዚያ ዘመን ምሁራን ከአውሮፓ ውጭ ሆና በራሷ ባህል ጸንታ የሠለጠነች አገር ይፈልጉ ነበርና ዓይናቸው ጃፓን ላይ አርፎ ነበር። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁ፣ ፊታቸው የነበረው ምሳሌ በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ተራው ሰው ደግሞ ጃፓንን ያወቃት በአቡጀዲዋ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወደ አገራችን የሚገባውን የጥጥ ጨርቅ ገበያ የያዘችው እሷ ነበረች። ዛሬ ቶኪዮ ደርሶ ፎቅና የመብራት ማስታወቂያ ብቻ ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ ሰው ሳይ፣ የኅሩይን ዓይነት የማየት ጥማት ምነው ባወረሱን እላለሁ።

ወደ ጉዳያችን እንግባ። የወረቀቱን ሥራ ባጭሩ እንለፈው። ለጃፓን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ሳይነሡ በፊት አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ ይጠየቃል። የሚፈለገው ሰነድ እንደ ጉዞው ምክንያት ስለሚለያይ ደላላ ከመጠየቅ ኤምባሲውን ራሱን ጠይቁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኮሪያው ኢንቺዮን በኩል አድርጎ ቶኪዮ አጠገብ ያለው ናሪታ ያደርሳችኋል። ለዘመድ ብላችሁ ቋንጣ እንዳትቋጥሩ፤ ጃፓን ከውጭ በሻንጣ የሚገባ የሥጋ ውጤትን አጥብቃ ትከለክላለች። ቡና የምትወስዱ ከሆነ የተቆላ ይሁን፤ ጥሬው የእጽዋት ምርመራ አለበት። የግድግዳቸው ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፤ ሶኬቱም ለሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ የተሠራ ነውና ቻርጀራችሁን አይታችሁ ሂዱ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል።

ገንዘብ ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ቴሌብርም አይሠራም። ጃፓን በቴክኖሎጂ የረቀቀች አገር ብትሆንም አሁንም ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶችና ቤተ መቅደሶች አሉ። ስለዚህ የን ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የውጭ አገር ካርድ ያለው ሰው ሌሊትም ክፍት በሆኑት ሰቨን ኢለቨን ሱቆች ውስጥ ካለው ኤቲኤም ማውጣት ይችላል። ከአገር ስንት የውጭ ምንዛሪ ይዞ መውጣት እንደሚፈቀድ ባንካችሁን ጠይቁ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ነገር ልምጣ፤ ሰዓት። ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሆን ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ላይ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ እኩለ ቀን፣ 6 ሰዓት ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ የምሽቱ 6 ሰዓት ነው። በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ባለ መርፌ ሰዓት በእጁ ያሰረ ሽማግሌ ናሪታ ሲወርድ መርፌውን መንካት አያስፈልገውም! እንዲሁ ትክክል ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣው መንገደኛ ሁሉ ሰዓቱን ሲያስተካክል የእኛ አባት ዝም ብለው ማለፍ ይችላሉ። የባቡር ትኬት ላይ ግን ጊዜው በ24 ሰዓት ስለሚጻፍ 18:00 ያያችሁት ያው የምሽቱ 6 መሆኑን አስታውሱ።

በራስ ዘመን መቁጠርም ለእኛ ብርቅ አይደለም። ጃፓኖች ከፈረንጁ ዓመት ጎን ለጎን በንጉሣቸው ዘመን ይቆጥራሉ፤ የአሁኑ ዘመን ሬይዋ ይባላል፤ የጀመረውም በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። የመንግሥት ወረቀት ላይ ወይም ደረሰኝ ላይ 7 ወይም 8 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ።

ሰዓቱ ይመሳሰል እንጂ ሰዓት አክባሪነቱ አይመሳሰልም። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ አጠገብ ያለ አንድ የባቡር ድርጅት፣ ባቡራችን ከተያዘለት ጊዜ 20 ሰከንድ ቀድሞ ተነሥቷል ብሎ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የዘገየ ባቡር መስሏችሁ ከሆነ እንደገና ስሙኝ፤ የቀደመ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቀጠሮ ላይ 30 ደቂቃ ዘግይቶ «መንገዱ ተዘግቶ» ማለት አያስኬድም። ከቀጠሮው 5 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ የምትዘገዩ ከሆነም ሳይረፍድ አሳውቁ።

አቅጣጫ መጠየቅ ላይ የፒያሳ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው መንገድ ስም የለውም። አድራሻ የሚሰጠው በቀበሌ፣ በብሎክና በሕንፃ ቁጥር ነው፤ የሕንፃዎቹም ቁጥር ሁልጊዜ ተራውን ጠብቆ አይሄድም። አውሮፓዊው የጎዳና ስም እየፈለገ ሲንከራተት፣ «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ» እያለ ያደገ ሰው ምልክት መያዝ ያውቅበታል። የእኛ ሠፈር ምልክቶች በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ይዘው ሲፈርሱ ስንቱ የፒያሳ ልጅ ቤቱን ለእንግዳ ማመልከት እንደተቸገረ አይተናል። ስለዚህ ከሆቴላችሁ ስትወጡ ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ፣ ከፊቱ ያለውን ባንክ ልብ ብላችሁ ያዙ። ከጠፋችሁ «ኮባን» የሚባል ትንሽ የፖሊስ ኬላ በየሠፈሩ አለ፤ ፖሊሱ ካርታ ዘርግቶ ያሳያችኋል። የወደቀ ቦርሳም የሚጠየቀው እዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜም ይገኛል።

ባቡሩ ውስጥ ግን ከእኛ ታክሲ ጋር የሚያመሳስለው ሰልፉ ብቻ ነው። «ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው የሞላ!» የሚል ወያላ የለም፤ ሁሉንም አንብባችሁ ነው የምታገኙት። የቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ ብቻ ከ200 በላይ መውጫ አለው፤ ከሰው ጋር ስትቀጣጠሩ የመውጫውን ስም ወይም ቁጥር ካልተነጋገራችሁ ስትፈላለጉ ትውላላችሁ። ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ ገንዘብ ሞልታችሁ ያዙ፤ በባቡርም በአውቶቡስም በሱቅም ያገለግላል። ባቡር ውስጥ ስልክ ማናገር ነውር ነው፤ ከቤት ቢደወልላችሁ አትመልሱ፤ ወርዳችሁ ደውሉ። ጮክ ብሎ መሳቅም እንዲሁ ዓይን ይስባል። የጀርባ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙራችሁ ያዙ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ ስላለ እኅቶቻችን ይጠቀሙበት፤ ወንድሞቻችን መሬቱ ላይ የተጻፈውን ምልክት ሳታዩ ዘላችሁ እንዳትገቡ። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ያበቃል፤ ያመለጠው ሰው የሚጠብቀው የታክሲ ዋጋ ነው፤ እሱም አይቀመስም።

ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊከፈት 9 ቀን ሲቀረው። ለቱሪስት የሚሸጠው የባቡር ማለፊያ ካርድ ርካሽ ነው የሚባለው ወሬ አሁን አርጅቷል። የ7 ቀኑ ካርድ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ዘሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ግን ወደ 28,000 የን ነው። ሁለቱን ከተሞች ብቻ የሚያይ ሰው ካርዱን ቢገዛ ከሰረ።

ሰላምታ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎንበስ ማለት እናውቃለን፤ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበልም እናውቃለን፤ ስጦታ በሰጪው ፊት ቀድዶ አለማየትም የእናቶቻችን ሥርዓት ነው። የቀረው ትከሻ ለትከሻ መጋጨቱንና ጉንጭ መሳሙን አገር ቤት መተው ነው። እጅ ለመጨበጥም አትቸኩሉ፤ ጃፓናዊው እጁን ከዘረጋ ጨብጡ፤ ካልዘረጋ ጎንበስ በሉ። እምቢታውም የእኛን ይመስላል። «ትንሽ ያስቸግራል» ካላችሁ ጉዳዩ አልቋልና አትወትውቱ።

ጫማ ማውለቅ ላይ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ልጅ መቼም አይፈተንም ትሉ ይሆናል። ፈተናው ከወለቀ በኋላ ነው። መግቢያው ላይ ዝቅ ያለ ወለል አለ፤ ጫማው የሚወልቀው እዚያ ነው። ካልሲ ያደረገ እግር ያንን ዝቅተኛ ወለል ሳይረግጥ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ጫማውም አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጣል። ከዚያ የቤት ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። ሽንት ቤት ስትገቡ እሱን በር ላይ ትታችሁ የሽንት ቤቱን ነጠላ ጫማ ታጠልቃላችሁ፤ ስትወጡ መልሳችሁ ትቀይራላችሁ። የሽንት ቤቱን ጫማ አድርጎ ሳሎን የሚመለስ እንግዳ የቤቱን ሰው ሁሉ በሳቅ ይጨርሳል። ታታሚ በሚባለው የገለባ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ጫማ አይረገጥም። ስለዚህ ብዙ ክር ያለው ቡትስ ይቅርባችሁ፤ ካልሲያችሁም አይቀደድ!

አሁን ገበታው ላይ ደረስን፤ ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። ሐበሻ የሚወደውን ሰው ያጎርሳል። ጃፓናዊ ወዳጃችሁ ጋብዟችሁ ተቀምጣችኋል፤ ደስ ብሏችኋል፤ በመብሊያ እንጨታችሁ አንድ ቁራጭ አንሥታችሁ ወደ እሱ ትዘረጋላችሁ፤ እሱም ደንግጦ በእንጨቱ ሊቀበላችሁ ይሞክራል። በዚያች ቅጽበት ገበታው ላይ ሞት ጠርታችኋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጃፓን ውስጥ አስከሬን ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ የሟቹን አጥንት በመብሊያ እንጨት እያነሣ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተቀባበለ ማሰሮ ውስጥ ያኖረዋል። ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበል ያንን ሥርዓት ያስታውሳል። እንጨቱን ሩዝ ላይ ሰክቶ ማቆምም እንዲሁ ነው፤ ለሙት መንፈስ የሚቀርብ ሩዝ ነው እንደዚያ የሚሰካበት። ፍቅራችሁን ለመግለጥ ከፈለጋችሁ ቁራጩን በወዳጃችሁ ሳህን ላይ አኑሩለት፤ ይበቃል።

በእጅ መብላት የለመደ ሰው ደስ ይበለው፤ ሱሺ በእጅ ቢበላ ነውር የለውም። ጥሬ ዓሣ ያስፈራኛል የሚል ደግሞ ጥሬ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ፓስታ የሚመስለውን ትኩስ ራመን ድምፅ እያሰሙ መሳብ ይፈቀዳል። በገበታ ላይ አፍንጫ መናፈጥ ግን እጅግ ያስቀይማል።

የሚጾም አድማጭ ይህንን በደንብ ያዳምጥ። ሾርባው ውስጥ፣ አትክልቱ ውስጥ፣ እንደ ቶፉ ባለው የአኩሪ አተር ምግብ ላይ ሳይቀር «ዳሺ» የሚባል መረቅ ይገባል፤ ይህ መረቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ነው። ሥጋ የለውም ስትባሉ ዓሣ የለውም ማለት አይደለም። ዓሣ በጾም የማይበላ ሰው ከባሕር አረም ብቻ የተሠራ ዳሺ እንዳለ ይጠይቅ። ከሁሉ የሚሻለው ሾጂን ሪዮሪ የሚባለው የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ ኪዮቶ ውስጥ በብዙ ገዳማት አካባቢ ይገኛል። በቸኮለ ጊዜ ከሱቅ ኦኒጊሪ የሚባለውን የሩዝ እንክብል ኡሜቦሺ የሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የገባበትን መርጦ መግዛት ይቻላል። ሙስሊም ወገኖቻችን ከአሳማው ሌላ ከሩዝ የሚጠመቀውን መጠጥም በወጥ ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉና ይጠይቁ። ቶኪዮ ውስጥ ዮዮጊ ኡኤሃራ የሚባለው ጣቢያ አጠገብ ቶኪዮ ጃሚ የተባለው ትልቅ መስጊድ አለ፤ እዚያ ከሄዱ ምክርም ወገንም ያገኛሉ።

ሒሳብ ሲመጣ «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል» እያሉ ገንዘብ ያዢዋ ፊት መታገል የለም። የጋበዘ ይከፍላል፤ ጓደኛሞች ከሆኑ ይካፈላሉ። እናንተ የተጋበዛችሁ ከሆነ አመስግናችሁ ተቀበሉና በሌላ ቀን ትንሽ ስጦታ ስጡ። ፒያሳ ካሉት ቡና ቆይዎች የተገዛ ግማሽ ኪሎ ቡና ለዚህ የሚመች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው የቶሞካ ፓኬት ይሁን የሌላው። ጃፓኖች የእኛን ቡና ሞካ ብለው ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ የሲዳማንና የይርጋጨፌን ስም ግድግዳ ላይ የለጠፈ ካፌ ብታዩ አትገረሙ። ገንዘብ በእጅ ከማቀበል ይልቅ ከፊታችሁ ባለችው ትንሽ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ጉርሻ፣ ቲፕ ማለቴ ነው፣ አይሰጥም። ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ብትወጡ አስተናጋጁ ረስታችሁት መስሎት እየሮጠ ይመልስላችኋል።

ፍል ውኃቸው ኦንሰን ይባላል። ከፍል ውኃ የተነሣ ለተመሠረተች ከተማ ልጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ግን አለ። ወንዱ ከወንድ፣ ሴቷ ከሴት ተለይተው፣ ራቁታቸውን በአንድ ገንዳ ይገባሉ። ገንዳው ለመታጠቢያ አይሆንም፤ ከመግባት በፊት ዳር ላይ በርጩማ ተቀምጦ በሳሙና ታጥቦ፣ አለቅልቆ ነው የሚገባው። አነስተኛዋ ፎጣ ውኃው ውስጥ አትነከርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የንቅሳት ነገር አለ። ብዙ ኦንሰኖች ንቅሳት ያለውን ሰው አያስገቡም፤ መነቀስ ያኩዛ ከሚባሉት የወሮበላ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለኖረ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከኒውዚላንድ የመጡ የማኦሪ ተወላጅ ሴት በፊታቸው ባህላዊ ንቅሳት ምክንያት ሆካይዶ ውስጥ ከመታጠቢያ ቤት ተመልሰው ጉዳዩ በአገሩ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያለባቸው እናቶቻችን ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ ይህ እንዳይደርስባቸው፣ ወሳጁ ልጅ አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ። በሰዓት የሚከራዩ የቤተሰብ ገንዳዎች አሉ፤ እዚያ ማንም ማንንም አያይም። እናት በር ላይ ቆመው «አይቻልም» ከሚባሉ ይህ እጅግ ይሻላል።

የአምልኮ ቦታዎቻቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ቶሪ የሚባል የእንጨት ወይም የድንጋይ በር የቆመበት የሺንቶ ነው፤ ሌላው የቡድሃ ነው። በሺንቶው ሁለቴ ጎንበስ ይባላል፣ ሁለቴ ይጨበጨባል፣ አንዴ ጎንበስ ይባላል። በቡድሃው አይጨበጨብም። እምነቱ የሌለው ጎብኚ ይህን የማድረግ ግዴታ የለበትም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳር ዳሩን ቢያልፍ አክብሯል። ቶኪዮ ያለው የሜይጂ ቤተ መቅደስ ቀደም ብለን ሕገ መንግሥቱን ላነሣነው ንጉሥ መታሰቢያ የተሠራ ነው፤ ለእኛ ሰው ማየቱ ይገባል። ኦርቶዶክሳዊ ለሆነ ደግሞ ካንዳ በሚባለው ሠፈር በ1891 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኒኮላይ ካቴድራል አለ። ኪዮቶ ስትደርሱ ጊዮን ሠፈር ውስጥ ባለ ኪሞኖ ሴቶችን እየተከተላችሁ ፎቶ አታንሡ፤ በግል መተላለፊያዎቹ ውስጥ ፎቶ ማንሣት 10,000 የን ያስቀጣል።

ቅኝት የሚወድ አድማጭ ደግሞ ይህን ይፈትሽልኝ። ኤንካ የሚባለውን የጃፓን የቆየ ዘፈን ስትሰሙ ልባችሁ ወደ ሀገር ፍቅር ቴአትር ቢሄድ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ብዙው ኤንካ የሚዘፈንበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት ከትዝታ ማይነራችን ጋር አንድ ነው፤ ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የቆየ ቅኝታቸውም በድምፆቹ ርቀት ከአምባሰል ጋር ይገጥማል። አንዱ ከሌላው ቀድቶ አይደለም፤ ሁለቱም በየራሳቸው የደረሱበት ነው። ካራኦኬ ቤት ገብታችሁ አንድ ኤንካ ብትሞክሩ ጃፓኖቹ ይደነቁባችኋል።

አንድ ቀን ደግሞ ለአበበ ቢቂላ ስጡ። በጥቅምት 21 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገደማ ጨርሶ፣ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ቦታ ቾፉ ከተማ ውስጥ፣ ቶቢታክዩ በሚባለው ጣቢያ አካባቢ ምልክት ቆሞለታል። ዕድሜያቸው የገፋ ጃፓኖች «ኢትዮጵያ» ስትሏቸው ቀድመው የሚያነሡት ስም የእሱ ነው። እንጀራ የናፈቀው ሰው ደግሞ ወደ ካትሱሺካ ወረዳ ይሂድ፤ የቶኪዮ ኢትዮጵያውያን በብዛት ያሉት እዚያ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው።

የምድር መንቀጥቀጥ ነገር አይረሳ። በ2017 ዓ.ም. የአፋርና የፈንታሌው ንቅናቄ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ ብዙዎቻችን ወደ ደረጃ ሮጠናል። ጃፓን ውስጥ አትሩጡ፤ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ ሲቆም ሠራተኞቹ የሚሏችሁን ስሙ። ስልካችሁም አስቀድሞ ሊጮህ ይችላል። ለፖሊስ 110፣ ለእሳትና ለአምቡላንስ 119 ይደወላል።

በመጨረሻ፣ መቼ እንሂድ ለሚለው ጥያቄ። ሰው ሁሉ የሚመክራችሁ የቼሪ አበባ የሚፈነዳበትን፣ ቶኪዮ ላይ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ያ ወቅት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል፤ ሆቴሉም በዚያን ጊዜ እሳት ነው። በእኛ ክረምት ወራት እዚያ ይሞቃል፣ ይወብቃል። በእኔ ፍርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከኅዳር መባቻ እስከ ኅዳር 14 ባለው ጊዜ ይሂድ። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ መሆን ይጀምራል፤ ብርዱ ጋቢ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ጾመ ነቢያትም ገና አልገባም። ለኅዳር የምታስቡ ሰነዳችሁን ከወዲሁ አሰባስቡ፤ ለሰነድ ማሟያ ጊዜ እንዲተርፋችሁ መስከረም ሳይገባ ኤምባሲውን ጠይቁ።